ሃምሳ ሳንቲም

ኢንዲያና ነው አገሩ፤ በቆሎው ታጭዶ ያለቀበት፥
በቀረው አገዳ ላይ ውርጭ የተኛበት።
የመስታወት ፋብሪካው ከተዘጋ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመቱ፤
ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሟል፤ ቁራ ነው ባለቤቱ።
ዋባሽ ወንዝ ከዳር ከዳር ረግቷል፥ መካከሉ ግን ይሄዳል፤
ከድልድዩ ሥር ማንንም ሰላም ሳይል ይነጉዳል።

እኔ በካውንቲው የድጋፍ ቢሮ መስኮት ቁጥር ሦስት ነኝ፤
ደመወዝ፥ ኪራይ፥ የልጅ ዕድሜ፥ ይኸው ነው የሚነገረኝ።
ሰዉ ከስሙ አስቀድሞ የፋይሉን ቁጥር ይላል፤
እኔም ቀና ሳልል እጽፋለሁ፤ ጣቴ ለምዶታል።

ማክሰኞ ዕለት ኮሪን መጣች፥ በቀጥታ ከፈረቃዋ፥
የአረጋውያን መጦሪያውን ሽታ እንደያዘ መለዮዋ።
ዌስሊ ከኋላዋ፥ አንድ እጁ ጓንት ለብሶ፥ ሌላው ባዶ፥
በጫማው ክር እየጎተተ የመንገዱን በረዶ።

«ጥያቄ ብቻ ነው» አለችኝ፤ «ገና አልፈረምኩም፤
አለቃዬ ልጨምርልሽ አለች፥ እሺ አላልኩም።
በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም። ከእኔ በፊት የወሰዱ አሉ፤ ደብዳቤ ደርሷቸው፥
በር ላይ ቆመው ሲያነቡ ነው ያየኋቸው።»

አስገባሁት።
ሰማንያ ስድስት ዶላር ወደ ወሯ ገባ፤
ከመስመሩ በዘጠኝ ዶላር አለፈች። የልጅ መዋያው ስድስት መቶ አርባ
ይቋረጣል። ከምግብ ካርዱ ሠላሳ አንድ ይቀነሳል።
ስክሪኑ ቀላ። መደመር ሲሉት የሚቀንስ፥ እንዲህ ያለ ሒሳብ የት ይማሩታል?

ዌስሊ ጓንቱን አውልቆ፥ አገጩን ከጠርዙ አስደግፎ ያያል፤
«ለምን ቀላ? ተቆጣ እንዴ?» ይላል።
ማሽን አይቆጣም። ቢቆጣማ ይበርድ፥ ይለመን ነበር፤
መስመሩንም እኔ አላሰመርኩት፤ ቆሜ እጠብቃለሁ እንጂ እንደ ድንበር።
ኢንዲያናፖሊስ ማን ይሆን በማስመሪያ ያሰመረው?
ከምሳ በፊት ይሆን? ጠግቦ ይሆን የጨረሰው?

ኮሪን ሳቀች። ከሆዷ፥ ወረፋውን ያዞረ ሳቅ፤
ወንበር ላይ ያሸለበው ሰውዬ እስኪነቃ፥ እስኪሳቀቅ።
«እንዲህ ከሆነማ ድህነቴን በሁለት እጄ ልያዘው፤
አምስት ዓመት ያሳደግኩትን በሃምሳ ሳንቲም ልሽጠው?»

ሐሙስ «ይቅርብኝ» አለች ለአለቃዋ፥ ምክንያቱን ዋጥ አድርጋ፤
ዓርብ መጣልኝ ወረቀቱ፥ ከደመወዝ ደረሰኟ ጋ።
ከግርጌው በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «የማደግ ፍላጎት የላትም።»

የማደግ ፍላጎት የላትም።
ሌሊቱን ሙሉ አሥራ አንድ አዛውንት የምታገላብጠው፥
ጀርባቸው እንዳይቆስል፤ ማን ወተቱን ሞቅ፥ ማን ቀዝቀዝ ሲል እንደሚወድ የምታውቀው።
በሞተች ልጃቸው ስም የሚጠሯት አሮጊት አሉ፤ «አቤት» ትላለች፤
አንድም ቀን አላረመቻቸው፤ ትራሳቸውን ታቀናለች።

እኔም የዚሁ ወንዝ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ሲመሽ ነበር የምትልከኝ፥
የምግብ ኩፖኑን በጭብጤ፥ የጎረቤት ልጅ እንዳያየኝ።
ላቤ ቀለሙን አጥቦት፥ ባለሱቁ ወደ መብራት አንሥቶ ሲያየው፥
ያ ቅጽበት እስካሁን አላለቀም፤ አሁን እኔ ነኝ የማየው።

ዌስሊ ጓንቱን ረስቶት ሄዷል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፥ ከማኅተሙ ጎን፤
አውራ ጣቱ ላይ በቀይ ክር ተጥፏል፥ ሰፊዋ ቸኩላ ይመስለኛል፥ ወይ ደክሟት ይሆን?
ለእድሳት የሚመጡት ከስድስት ወር በኋላ፥ በሰኔ ነው፤
ያን ጊዜ ጓንት ማን ይፈልጋል? እጁንስ መቼ ሊበቃው?
ያድጋላ።
ፍላጎት አለህ ወይ ሳይባል፥ መስመሩ የት ነው ሳይል፥ ያድጋላ።

«ቁጥር አርባ ሰባት!»
አንዲት ሴት ከጥግ ተነሣች፤
ልጅ በክንዷ፥ ደብዳቤ በእጇ፤ ታነባለች።